ስለ ቁፓት ሖሊም አባልነትና ስለ ሕክምና ወጪ



በጎንደር ገጠር የኖረ ቤተሰብ የሕክምና ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በሽተኛው በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፤ ካርድ ለማውጣት ይከፈላል፤ መድኃኒቱ ከውጭ ተገዝቶ ይምጣ ይባላል። ሆስፒታል ይግባ ከተባለ ደግሞ በሬ ይሸጣል፤ በሬ የሌለውም ይበደራል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሕመሙ እስኪጠናበት ድረስ ጠበል እየጠጣ፣ ፌጦና ጤና አዳም እየሞከረ፣ ወይም ዝም ብሎ ችሎ ቤቱ መቆየትን ይመርጥ ነበር። ይህ ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ ያለውን ጥሪት ለልጆቹ ለማቆየት ሲል ቤተሰቡ አስቦና መዝኖ የሚወስነው ውሳኔ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ግን ከሰው ጋር አብሮ እስራኤል ይገባል። በአፉላ ኢሊትም ሆነ አዲስ ገቢዎች በሚኖሩባቸው ሌሎች ሰፈሮች ሁለት ዓይነት ችግር በተደጋጋሚ ይታያል። አንደኛው፣ ወጪውን በመፍራት ወደ ሐኪም ሳይሄዱ መቅረት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቤተሰብ ሐኪምን ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድና ከሳምንታት በኋላ በፖስታ የሚመጣ የሂሳብ መጠየቂያ ሲደርስ መደንገጥ ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ የጤና መድኑ እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ አለመረዳት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እርስዎ የሚገባዎትን ሕክምና ሁሉ እንዲያገኙና የማይገባ ገንዘብ እንዳይከፍሉ ለማስገንዘብ ነው።

ቁፓት ሖሊም ምንድን ነው?

ቁፓት ሖሊም ማለት በቃሉ ፍቺ የሕሙማን ሣጥን ማለት ነው። ዕድር ላይ የነበረ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የዕድር አባል በየወሩ የሚያዋጣው ቤቱ ሐዘን ገብቶ አይደለም፤ ሐዘን የገባበትን ጎረቤቱን ለመርዳትና ነገ ተራው የእርሱ ሲሆን ብቻውን እንዳይቀር ነው። ቁፓት ሖሊምም በዚሁ መንገድ ጤነኛው ለታመመው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው፣ ሠራተኛው ሥራ ላጣው አስቀድሞ የሚያዋጣበት ሣጥን ነው። ልዩነቱ፣ ዕድር የሚደርሰው ይልቁንም ሰው ሲሞት ሲሆን ይህ ግን ሰው እንዳይሞት ቀድሞ የሚደርስ መሆኑ ነው።

ሣጥኑ የተጀመረውም በገበሬዎች መካከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. አንድ የእርሻ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ እጁን አጣ፤ የሚረዳውም አልነበረም። በዚህ ምክንያት ወደ 150 የሚጠጉ ከውጭ አገር የገቡ የእርሻ ሠራተኞች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ቁፓት ሖሊም አቋቋሙ። ዛሬ ክላሊት ተብሎ የሚጠራው ትልቁ የጤና ድርጅት ይኸው ነው። በዚህ በኢይዝራኤል ሸለቆም የእርሻ መንደሮች ሲመሠረቱ ወባ ብዙ ሰዎችን ይጥል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. በጊልቦዓ ተራራ ግርጌ በዔን ሐሮድ አጠገብ ለሠራተኞቹ ሆስፒታል ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አፉላ ተዛወረ። ዛሬ የአፉላና የአካባቢው ሕዝብ የሚታከምበት የሐዔሜክ ሆስፒታል ይህ ነው። እንግዲህ እነዚያም እንደ እርስዎ አዲስ ገቢዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ደሆች ነበሩ።

ለብዙ ዓመታት አባልነቱ በፈቃድ ነበር። ስለሆነም ከሕዝቡ ከመቶ 5 ያህሉ መድን አልነበረውም፤ የጤና ድርጅቶችም ሽማግሌውንና በሽተኛውን ላለመቀበል ሰበብ ያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የወጣውና ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1987 ዓ.ም. አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ ይህን ለወጠው። በሕጉ መሠረት ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ከ4ቱ የጤና ድርጅቶች፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከመካቢ፣ ከሜኡሔዴትና ከሌኡሚት በአንዱ ይመዘገባል። ድርጅቱም አመልካቹ አርጅቷል፣ የስኳር ወይም የልብ በሽታ አለበት፣ ገንዘብ የለውም ብሎ ሊመልሰው አይችልም። 4ቱም በሕግ የተወሰነውን አንድ ዓይነት የሕክምና ዝርዝር የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በአገር ቤት የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ሳያውቁት አይቀሩም። ይህ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ፤ ከዚያም በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አዝመራው ከገባ በኋላ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆች መንግሥት ይከፍላል። ደብተሩን ያላሳደሰ ግን ጤና ጣቢያ ሲደርስ እንደ ቀድሞው ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት «ዘንድሮ አልታመምኩም፤ ገንዘቤ በከንቱ ቀረ» ብሎ የሚተወው ሰው ጥቂት አይደለም።

እዚህ አገር ያለው አሠራር ከዚህ በአንድ ዋና ነገር ይለያል፤ መድኑ በየዓመቱ የሚታደስ ወይም የሚተው አይደለም። የጤና መድን ክፍያ የሚሰበስበው ቁፓት ሖሊም ሳይሆን ቢቱዋሕ ሌኡሚ ነው። ሥራ የያዘ ሰው ክፍያው ከደመወዙ ተቀንሶ ይሄዳል፤ ከደመወዙ ዝቅተኛ ክፍል ላይ ከመቶ 3 በጥቂት የሚበልጥ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ደግሞ ከመቶ 5 ገደማ ነው። ሥራ ያልያዘ አዲስ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከክፍያ ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ የገቢ ድጎማ የሚቀበል ሰው ትንሽ ገንዘብ ከድጎማው ይቀነስበታል፤ ባልዋ መድን ያለው የቤት እመቤትም አትከፍልም። ነፃ የሆኑበት ጊዜ ሲያበቃ ሥራም ድጎማም ከሌለዎት ግን ዝም ብለው አይቀመጡ፤ ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ቀርበው ሁኔታዎን ያስመዝግቡ። አለበለዚያ ዕዳው በስምዎ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ልናሳስብ እንወዳለን። ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ዕዳ ያለበት ሰው እንኳ የሕክምና መብቱን አያጣም። ዕዳው ከሕክምናው ተለይቶ የሚጠየቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዕዳ አለብኝ ብሎ ሕመሙን ደብቆ የሚቀመጥ ሰው ራሱን ያለ ምክንያት ይቀጣል።

ስለ ምዝገባ

ምዝገባው በአየር ማረፊያ ወይም ከዚያ በኋላ በፖስታ ቤት ይፈጸማል። የመርካዝ ክሊታ ሠራተኞችም ይረዳሉ። ቴውዳት ዜሁት ወይም ቴውዳት ዖሌ ይዘው ይቅረቡ። ከመመዝገብዎ በፊት ከጎረቤት ይጠይቁ፤ ለቤትዎ የሚቀርበው ክሊኒክ የማን ነው? ከኮረብታው ወርደው አውቶቡስ መሳፈር ያስፈልጋል ወይስ በእግር ይደረሳል? አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አለው? በወጣትነት ጊዜ ቀላል የሚመስለው መንገድ ለአረጋዊት እናት ወይም ለነፍሰ ጡር ሴት ከባድ ሊሆን ይችላል። የመረጡት ድርጅት ካልተስማማዎት በዓመት ውስጥ እስከ 2 ጊዜ መለወጥ ይፈቀዳል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ድርጅት ቢመዘገብ ይመረጣል፤ ከዚህ በታች የምንገልጸው የክፍያ ጣሪያ በቤተሰብ የሚታሰብ ነውና። አዲስ የተወለደ ሕፃን የልጆች አበል በሚቀበለው ወላጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእናቱ ድርጅት ይመዘገባል።

ከተመዘገቡ በኋላ ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቤተሰብ ሐኪም መርጠው አንድ ጊዜ ይጎብኙት። የሚያውቅዎት ሐኪም በታመሙ ጊዜ ነገሩን ቶሎ ይረዳል። በተለይም የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሳያምሙ የሚጀምሩ ሕመሞች ናቸው። የስኳር በሽታ በኢትዮጵያ ገጠር ብዙም የማይታወቅ ሲሆን፣ ወደ እስራኤል ከገቡ ኢትዮጵያውያን መካከል ግን ምግቡና አኗኗሩ ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየበዛ መምጣቱ ተረጋግጧል። ይህን የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው የደም ምርመራ በቁፓት ሖሊም ላቦራቶሪ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደረጋል።

የሚከፈለውና የማይከፈለው

በክላሊትና በሌኡሚት የቤተሰብ ሐኪምን መጎብኘት ገንዘብ አያስከፍልም። በመካቢና በሜኡሔዴት አነስተኛ ክፍያ አለ። ልዩ ሐኪም፣ ለምሳሌ የዓይን ወይም የቆዳ ሐኪም ሲጎበኙ ግን በሁሉም ዘንድ የተወሰነ ገንዘብ ይጠየቃል። ይህ ክፍያ የሚታሰበው በጉብኝት ሳይሆን በሩብ ዓመት ነው። ሩብ ዓመቱ በጃኑዋሪ፣ በአፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ይጀምራል። በአንድ ሩብ ዓመት ወደ አንድ ሐኪም 3 ጊዜ ቢሄዱ የሚከፍሉት አንዴ ብቻ ነው። በማርች መጨረሻ ሄደው በአፕሪል መጀመሪያ ከተመለሱ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ስለዚህ አጣዳፊ ካልሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ወሩን ቢያስተውሉ አይከፋም። በተጨማሪም አንድ ቤተሰብ በሩብ ዓመት ከዚህ በላይ አይከፍልም የሚል ጣሪያ ተወስኗል፤ የገቢ ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎችም ከልዩ ሐኪም ክፍያ ነፃ ናቸው።

ለመድኃኒት የሚከፈለው ከዋጋው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ቀሪውን ቁፓት ሖሊም ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ በቁፓት ሖሊም ሐኪም ከታዘዘና ድርጅቱ ከሚሠራበት ፋርማሲ ከተወሰደ ብቻ ነው። በየወሩ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ለእርሱ የተወሰነ የክፍያ ጣሪያ አለው፤ የገቢ ማሟያ የሚቀበሉ አረጋውያንም ቅናሽ ያገኛሉ። እነዚህ ቅናሾች ካልታዩዎት በክሊኒኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል እንክብሉን ለሁለት ከፍሎ መዋጥ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ፣ ወይም የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ ትልቅ አደጋ አለው። በዚህ መንገድ ጥቂት ሸቀል ያተረፈ ሰው በኋላ ኩላሊቱን ወይም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። መክፈል ካልቻሉ ለሐኪሙ ወይም ለክሊኒኩ ሶሻል ወርከር በግልጽ ይናገሩ፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ወሊድ በሆስፒታል ያለ ክፍያ ነው። ሐኪም ልኮዎት ሆስፒታል ሲተኙም የአልጋ ገንዘብ አይጠየቁም። የሕፃናት ክትትልና ክትባት በጢፓት ሓላቭ ገንዘብ አይከፈልበትም። የልጆች የጥርስ ሕክምና ከ2010 ጀምሮ ወደ መድኑ የገባ ሲሆን፣ ከ2019 ወዲህ እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይሸፍናል፤ ምርመራው ነፃ ነው፤ ለሕክምናው ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ ይከፈላል። የአዋቂዎች ጥርስ ግን ከአረጋውያን በስተቀር በአብዛኛው በመድኑ ውስጥ የለም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ የልጆችዎን ጥርስ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያሳክሙ።

ተጨማሪ መድን ወይም ቢቱዋሕ ማሽሊም የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ይህ በፈቃድ የሚገባበትና በየወሩ ከባንክ የሚቆረጥ ነው። ጥቅም የሚያገኙበት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ወጪው የቤተሰቡ ነው፤ ስላልገቡበትም መሠረታዊው ሕክምና አይቀንስብዎትም። በራፍዎ መጥቶ ወይም በስልክ ደውሎ ፈርሙ የሚልዎት ሰው ቢኖር፣ በሚገባዎት ቋንቋ ሳይገለጽልዎትና ዋጋውን በጽሑፍ ሳያዩ አይፈርሙ።

ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚባክንበት ጉዳይ ደርሰናል። በእስራኤል አገር ሕክምናን ውድ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በሽታው ራሱ ሳይሆን ወረቀት ሳይዙ መሄድ ነው። ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል፣ ማለትም ወደ ሚዩን የሚሄድ ሰው ከሐኪም የተጻፈ ማስተላለፊያ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ይህም ሃፍናያ ይባላል። በቀጠሮ ለሚደረግ ምርመራና ቀዶ ሕክምና ደግሞ ቁፓት ሖሊም ለሆስፒታሉ እከፍላለሁ ብሎ የሚጽፈው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ቶፌስ 17 ይባላል። ሐኪሙ ወረቀት ጽፎልኛልና በቂ ነው ብለው አይሂዱ፤ የሐኪሙ ማስተላለፊያና ቶፌስ 17 ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቶፌስ 17ን የሚሰጠው የክሊኒኩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የሆስፒታል ስምና ቀንም ከቀጠሮዎ ጋር ያመሳክሩ።

ለምሳሌ አንድ አባት በሌሊት ሆዱን ቢያመውና በቀጥታ ወደ ሚዩን ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ ሳይተኛ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ወደ 1000 ሸቀል ገደማ የሚሆን ሂሳብ ሊመጣበት ይችላል። ያው ሰው ምሽት ላይ ክሊኒክ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ወይም በሽታውን አይቶ ወደ ሆስፒታል የላከው ሐኪም ቢኖር ወጪውን ቁፓት ሖሊም በሸፈነለት ነበር። ክሊኒክ በተዘጋ ጊዜ የእያንዳንዱ ድርጅት ነርሶች በስልክ ይገኛሉ፤ ሕመሙን ሰምተው ወዴት መሄድ እንደሚገባዎት ይነግሩዎታል። የማታ ሕክምና ማእከሎችም አሉ።

ይህ ማለት ግን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲደርስ ወረቀት ፍለጋ ይሂዱ ማለት አይደለም። ደረት ሲያፍን፣ አፍ ሲጣመምና አንድ ወገን ሲዝል፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ብዙ ደም ሲፈስ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደውሉ። ሆስፒታል ተኝተው ከቀሩ የድንገተኛ ክፍሉ ክፍያ ይቀርልዎታል፤ የአምቡላንሱንም ገንዘብ ቁፓት ሖሊም ይመልሳል። ሳይተኙ ቢመለሱ እንኳ ያለ ማስተላለፊያ ወረቀት የማይከፈልባቸው ነገሮች አሉ፤ አዲስ የአጥንት ስብራት፣ መሰፋት የሚያስፈልገው ቁስል፣ ዓይን ውስጥ የተሰነቀረ ነገር፣ ምጥ፣ ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንዲሁም ከመንገድ ላይ በአምቡላንስ የተነሣ ሰው። አዛውንቶቻችን ሌሊት ሰው ላለማስቸገር ብለው እስኪነጋ ይታገሣሉ፤ በደረት ሕመም ግን ያ ትዕግሥት ገዳይ ነው።

ኢትዮጵያን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ቁፓት ሖሊም በዚያ እንደማይሠራ ይወቅ። ከመነሣቱ በፊት የጉዞ መድን ይግዛ፤ ስለ ወባ መከላከያም ሐኪሙን ያማክር።

ቋንቋና አቤቱታ

ብዙ ሰው ወረቀቱን የማይጠይቀው ዕብራይስጥ ስለሚያጥረው ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕሙማን በሚገባቸው ቋንቋና እንደ ባህላቸው አገልግሎት እንዲሰጡ አዟል፤ በአማርኛ የስልክ ትርጉም የሚገኘውም በዚህ መሠረት ነው። ስለዚህ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብትዎ እንጂ ልመና አይደለም። የ10 ዓመት ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አስተርጓሚ እንዳያደርጉት አደራ እንላለን። ልጁ የሐኪሙን ቃል በትክክል ላይረዳው ይችላል፤ እናቱም በልጅዋ ፊት የማኅፀን ወይም የጡት ሕመምዋን ለመናገር ታፍራለች፤ ከሁሉም በላይ ከባድ በሽታ የተገኘ እንደሆነ ያንን ወሬ ለወላጁ የሚያደርሰው ሕፃኑ ይሆናል። ለማኅበረሰባችን በአማርኛ የጤና ትምህርት ሲሰጥ የቆየው ጤና ብሪዩት የተባለው ድርጅትም አለ።

የሂሳብ መጠየቂያ በፖስታ ሲመጣ አይጣሉት፤ ወዲያውም አይክፈሉት። ያልተረዳ ሰው ወረቀቱን ከመሳቢያ ከትቶ ይረሳዋል፤ ከወራት በኋላ ግን ቅጣትና የጠበቃ ወጪ ተጨምሮበት ይመለሳል። ፖስታውን እንደ ደረሰ ከሆስፒታል ከተሰጠዎት የመውጫ ደብዳቤ ጋር ወደ ክሊኒኩ ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ። ብዙ ጊዜ ወጪው ቁፓት ሖሊም የሚከፍለው ሆኖ ይገኛል፤ ሆስፒታሉ ዘንድ ወረቀቱ አለመድረሱ ብቻ ነው ምክንያቱ። ድርጅቱ አልከፍልም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የመንግሥት ጤና መድን ሕግ አቤቱታ ሰሚ ዘንድ ማመልከት ይችላሉ፤ በሚኒስቴሩ የስልክ መስመር ኮከብ 5400 ደውለው ይጠይቁ። ሲደውሉ የቴውዳት ዜሁት ቁጥርዎንና የሂሳቡን ወረቀት በእጅዎ ይያዙ፤ ያነጋገርዎትን ሠራተኛ ስምና ቀኑንም ጽፈው ያስቀምጡ።